የአሰገደች ቀኝ እጅ

የከተማችንን ስም አልጠራም። የሚያውቃት ከጥቂት መስመር በኋላ ይለያታል፤ የማያውቃት ደግሞ ስሟን ቢሰማም የሚጨምርለት ነገር የለም። እኔ የነዋሪው እጅ ሁሉ በሚመዘገብበት በእጅ መዝገብ ቤት አሥራ አንድ ዓመት በጸሐፊነት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የተባልኩትን መጻፍ ስለነበር፣ ያየሁትን ለመጻፍ ጊዜ ያገኘሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ስለ አሰገደች የማወራው ግማሹን በዓይኔ ያየሁትን፣ ግማሹን እሷው የነገረችኝን ነው።

ከተማችንን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ወንዙ የሚሄደው ገደል ውስጥ ነው፤ ከላይ ሆነው ሲያዩት ክር ያህላል። በዚህኛው ዳር መኖሪያ ቤቶቹና ክሊኒኩ፣ በዚያኛው ገበያው፣ መዝገብ ቤቱና የቋጣሪዎች ግቢ አሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው አንድ የቃጫ ገመድ ድልድይ ብቻ ነው። ቋጣሪዎች የምንላቸው ይህንን ድልድይ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ፈትተው መልሰው የሚያስሩትን ባለሙያዎች ነው።

በድልድዩ መግቢያ ላይ ሕጉ በሰሌዳ ተጽፏል፦ «የሚሻገር ሰው ግራና ቀኙን ገመድ በሁለት እጁ ይያዝ። ሁለቱን ያልያዘ ጭነት ነው።» ሕጉ የወጣው ለደኅንነት ነበር። በኋላ ግን ቃል በቃል ይሠራበት ጀመር። አንድ እጅ ያለው ሰው ሊሻገር ሲመጣ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ በሳንቃ ላይ ይታሰራል፣ አንገቱ ላይ ካርድ ይንጠለጠላል፣ ሁለት ተሸካሚዎች ያሻግሩታል። ካርዱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። እጁ የተሰበረ አንድ መምህር ስድስት ሳምንት ሙሉ «ዕቃ፤ እንዳይገለበጥ» ተብሎ እየተሻገረ አስተምሯል። ሕፃን የታቀፈች እናት ሁለት እጇ ስለተያዘ ጭነት ናት፤ ሕፃኑ ገና ስላልተመዘገበ ምንም አይደለም። ማንም አልሳቀም። ሕግ ነበራ።

አሰገደች በዚያ ድልድይ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቋጣሪ ነበረች። ረጅም፣ ቁጥብ፣ ስታወራ ወደ ሰው ፊት ሳይሆን ወደ ሰው እጅ የምታይ ሴት ናት። አንድ ቀን የገመድ መጠምዘዣው መኪና ቀኝ እጇን ከነገመዱ ጠቀለለው። ሐኪሞቹ ከክርኗ አንድ ስንዝር ዝቅ ብለው ቆረጡት። ከሕክምና ወጥታ ወደ ግቢው ልትሄድ ድልድዩ አፍ ላይ ስትደርስ ጠባቂዎቹ ሚዛኑን አወጡላት። ሁሉም የሚያከብሯት ነበሩ፤ አንዱ እንዲያውም የሚዛኑን ወለል በመሀረቡ ጠረገላት። አሰገደች ሚዛኑን አየችው፤ ራሷ ያሰረችውን ገመድ አየችው፤ ዞራ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ድልድዩን አልረገጠችም።

ያስጨነቃት የሄደው እጅ አልነበረም። አልሄድ ያለው ነበር። የሌለው እጇ ጠዋት ማታ ጨብጦ ይይዛታል፤ ጣቶቹ መዳፏ ውስጥ ሲገቡ ይሰማታል፤ ልትከፍታቸው ትታገላለች፣ እምቢ ይላሉ። ይህንን ለማንም አልተናገረችም። በእኛ ከተማ ያልተመዘገበ እጅ አለኝ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ክሊኒኩ ውስጥ ምዕራፍ የምትባል ባለሙያ ነበረች፤ በአልትራሳውንድ የእናቶችን ሆድ የምታይ። ለሦስት ዓመት ትምህርት ወደ ሩቅ ከተማ ሄዳ ስትመለስ አንድ ሳጥን ይዛ መጣች። በተመለሰች በሳምንቱ አሰገደች ቤት ሄደች። አሰገደች በግራ እጇ ምስር እየለቀመች ነበር።

«እትዬ አሰገደች፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው። ክንድዎን እዚህ ያሳርፉልኝ።» ምዕራፍ በተቆረጠው ክንድ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ቀባች፣ የማሽኑን መዳሰሻ አስጠጋች። «አሁን ትንሿን ጣትዎን ያጥፉልኝ።»

«የትኛዋን?»

«የቀኝዎን።»

«አንቺ ልጅ፣ ልትቀልጂብኝ ነው የመጣሽው?»

«አልቀልድም። እንዳለች አድርገው ያጥፏት።»

አሰገደች ተናደደች፤ ግን አጠፈቻት። ምዕራፍ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረችላት። በጥቁርና ነጭ ጭጋግ መሃል አንድ ቀጭን ነገር ተሸማቀቀ፣ ተመልሶም ተዘረጋ። አሰገደች ደግማ አጠፈች፤ ያም ነገር ደግሞ ተሸማቀቀ። አውራ ጣቷን ስትሞክር ሌላ ቦታ ላይ ሌላ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የርስዎ ጡንቻ ነው። የተቆረጡት ጣቶቹ ናቸው እንጂ ጣቶቹን የሚጎትቱት ጡንቻዎች እዚሁ ክንድዎ ውስጥ ናቸው። ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«ማንም ሳያያቸው?»

አሰገደች እጇ በተቆረጠ ጊዜ ያላለቀሰችውን ለቅሶ ያን ቀን፣ ምስሩ ላይ፣ ጄል በተቀባ ክንዷ ዓይኗን እየሸፈነች አለቀሰች።

የምዕራፍ ሳጥን ውስጥ የነበረው ቀበቶና ገና ያልተገጣጠመ ሰው ሠራሽ እጅ ነው። በቀበቶው ጨርቅ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ ስምንት ትንንሽ መዳሰሻዎች ተሰፍተውበታል። ክንድ ላይ ሲታሰር መዳሰሻዎቹ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሥጋ ውስጥ ይልካሉ፤ ድምፁ ጡንቻውን ነክቶ ይመለሳል። እኛ ገደሉ አፍ ላይ ቆመን ስንጣራ ድምፃችን እንደሚመለስልን ማለት ነው። ሳጥኑ ከተመለሰው ድምፅ የትኛው ጡንቻ ምን ያህል እንደተሳበ ይለያል፤ የለየውን ለሰው ሠራሹ እጅ ይነግራል፤ እጁም ያንኑ ጣት ያንኑ ያህል ያጥፋል። ላይ ላዩን ብቻ ሳይሆን ከሥር የተደበቁትን ጡንቻዎች ማየቱ ነበር ምዕራፍን ያስደነቃት። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ የሰው ልጅ ጣት ሳይኖረውም ጣቱን ማዘዝ እንዳላቆመ ማወቄ።

እንዲህ ስል ቀላል ይመስላል። አራት ወር ፈጀ። መጀመሪያ ሳጥኑ ቀለበት ጣትንና መሃል ጣትን መለየት አቃተው፤ አሰገደች ብርጭቆ ልታነሳ ስትል እጁ ሰላምታ ይሰጣል። ሲያልባት ቀበቶው ይንሸራተትና ሁሉም ነገር ይዘበራረቃል። ከሁሉ የባሰው ክንዷን ከትከሻዋ በላይ ስታነሳ ነበር፤ ያኔ ጡንቻዎቹ ከቆዳው ሥር ቦታ ይቀይሩና እጁ ሳታዘው ይከፈታል። አሥራ ሦስት ብርጭቆ ተሰበረ። በአሥራ አራተኛው አሰገደች ወደ ቆርቆሮ ኩባያ ዞረች። ምዕራፍ በየማታው ከሥራ ስትወጣ መጥታ ሳጥኑን ታስተምራለች፤ አሰገደች ደግሞ ክንዷን ታስተምራለች። አንድ ቀን ክር በመርፌ ቀዳዳ አሳለፈች። ሁለቱም መርፌውን እየተቀባበሉ አዩት።

ወሬው መዝገብ ቤት ደረሰ። ሹማችን አቶ ቀለመወርቅ ይባላሉ፤ ጥንቁቅ ሰው ናቸው፣ ሲያስነጥሱ እንኳ ሰዓቱን ያስመዘግባሉ። መዝገቡን አሸክመውኝ ወደ አሰገደች ቤት ተሻገርን። ወንበር ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይህ እጅ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለች አሰገደች።

«መቼ ተወለደ?»

«በጥር ተገጣጠመ» አለች ምዕራፍ።

«ጻፍ፣ በጥር ተወለደ» አሉኝ። ጻፍኩ። «አሻራ?»

«አሻራ የለውም።»

«አሻራ፣ ለስላሳ ብለህ ጻፍ። ጣቶቹን በስም ዘርዝሩልኝ።» አውራ ጣት ተባለ፤ ተጻፈ። ሌባ ጣት ሲባል ብዕሬን በእጃቸው ያዙት። የመጣበት አገር የማይታወቅ ሌባ መዝገብ ውስጥ አላስገባም አሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ «ሁለተኛ ጣት» ተብሎ ገባ።

በመጨረሻ «ሐሳብ ያነባል ይባላል፤ እውነት ነው?» ብለው በጥርጣሬ ወንበራቸውን ትንሽ ወደኋላ ሳቡ።

«ሐሳብ አያውቅም፣ ጌታዬ» አለች ምዕራፍ። «የሚያየው ሥጋ ብቻ ነው። ሐሳቡ የእትዬ አሰገደች ነው።»

አሰገደች እጁን ዘረጋችላቸው። አቶ ቀለመወርቅ ጥቂት አመንትተው ጨበጡት። ሰው ሠራሹ ጣት አንድ በአንድ፣ በቀስታ፣ በሳቸው ጣቶች ላይ ታጠፈ፤ ሳያጠብቅም ሳያላላም ያዛቸው። ሹሙ ለመልቀቅ ዘገዩ። ስንመለስ ድልድዩ መሃል ላይ «ለኔ ተጠንቅቃለች» አሉ።

ጉዳዩ የቀረበለት የድልድዩ ኮሚቴ ዘጠኝ ቀን ተሰብስቦ ወሰነ። ውሳኔውን እኔ ስለገለበጥኩት በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «ሴትዮዋ ሰው ናት። እጁ ዕቃ ነው። ዕቃ ገመድ መያዝ አይችልም፤ ሆኖም ዕቃው ገመዱን ከያዘው ገመዱ ተይዟል። ጉዳዩ ለሁለት እኩል ስለተከፈለ፣ ሴትዮዋ እስከ ድልድዩ እኩሌታ ድረስ እንድትሄድ ተፈቅዷል። እጁ ካርድ ይንጠልጠልበት።»

ምዕራፍ ወረቀቱን ልትቀደው ምንም አልቀራትም። አሰገደች ግን ደግማ አነበበችውና ሳቀች። እጇ ከተቆረጠ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

«እኩሌታው ይበቃኛል» አለች። «ማኅተሙ እዚያ ነው።»

ማኅተም የምንለው የድልድዩን የመጨረሻ ቋጠሮ ነው። ከሁለቱም ዳር የመጡት ዋና ገመዶች የሚገናኙት መሃል ላይ ነው፤ ከዚያኛውና ከዚህኛው ዳር አንድ አንድ ቋጣሪ መጥቶ አብረው ያስሩታል። ድልድዩ ሲፈታም ማኅተሙ ሳይነካ ይቆይና መጨረሻ ላይ ይታደሳል። አሰገደች ከተጎዳች ወዲህ የእኛ ዳር ባዶ ስለነበር፣ ሁለቱን ዓመት ለብቻው ያሰረው የቋጣሪዎች አለቃ ጋሽ ደርሰህ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠራ፣ ድምፁ ከገደሉ ማዶ የሚሰማ ሰው። አሰገደች ትመጣለች ሲባል ግቢው ውስጥ ተነስቶ «ማሽን ቋጠሮ አይቋጥርም! እኔ እያለሁ አይሆንም!» ብሎ ጮኸ። የልማዱ ሕግ ግን ከሁለቱም ዳር ነው የሚለው፤ እሱም ሕጉን አልጣሰም።

የማሰሪያው ቀን ደረሰ። ሰው በሁለቱም ዳር ተሰበሰበ። አሰገደች ካርዱን በሰው ሠራሽ እጇ ላይ አንጠልጥላ («ዕቃ፤ ባለቤቱ አብራ አለች» የሚለው የኔ ጽሕፈት ነው) ሁለቱን ገመድ ያዘችና ድልድዩ ላይ ወጣች። ግራው በሥጋ፣ ቀኙ በላስቲክና በብረት። እኔ ለምስክርነት መዝገቡን አንገቴ ላይ አስሬ አራት እርምጃ ከኋላዋ ተከተልኩ። ስትራመድ ወደ ታች አላየችም። ገመዱን ስትይዝና ስትለቅ፣ ስትይዝና ስትለቅ የነበረውን ስልት ከኋላ ሆኜ ሳየው፣ የቱ እጅ የቱ እንደሆነ ለአፍታ ጠፋኝ።

መሃል ላይ ጋሽ ደርሰህ ቀድሞ ደርሶ ቆሟል። አሰገደች ሰላምታ ሰጥታው ቀና ብላ ማኅተሙን አየች። ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሽ ደርሰህ፣ ይሄ እኮ አንድ ስንዝር ተንሸራቷል።»

ጋሽ ደርሰህ ቀና አላለም።

«ይታይዎታል?»

«አውቃለሁ» አለ፣ በማይታወቅበት ትንሽ ድምፅ። «ጣቶቼ ደንዝዘዋል፣ አሰገደች። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ገመድ ልያዝ ውኃ ልያዝ አላውቀውም። በዓይኔ እያየሁ ነው የማስረው፤ ማጥበቄን ግን ጣት ካልነገረህ ዓይን አይነግርህም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ብናገር መዝገብ ቤቱ ምን ብሎ ይጽፈኛል?» አለና ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ገደሉ አየሁ።

ለድንጋጤ ጊዜ አልነበረም። ሕጋችን በማሰሪያው ቀን ድልድዩ ስድስት ሰዓት ላይ ይከፈታል ይላል፤ ታስሮ ከሆነ አይልም። ሰዓቱን መለወጥ የሚችለው ኮሚቴው ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ ለማሰሪያው ቀን ዝግ ነው። ደወሉ ሊደወል ግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቶታል። በሁለቱም ዳር ያለው ሕዝብ ቅርጫቱን አንስቷል።

አሰገደች የላላውን ማኅተም ልትፈታ እጇን ወደ ላይ ሰደደች። ቋጠሮው ከራስ በላይ ነው። ገና ገመዱን እንደያዘች የሰው ሠራሹ ጣቶች በራሳቸው ተከፈቱ፤ ገመዱ ሌላ ሁለት ጣት ያህል ሸርተት አለ፤ ድልድዩም ከሥራችን ተንቀጠቀጠ። ደግማ ሞከረች። ደግሞ ተከፈቱ። ግንባሯ ላይ ላብ ወረደ። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አልኩት።

ከዚያ ክንዷን አወረደች። በኋላ ስጠይቃት ምዕራፍ አንድ ማታ ያለቻትን እያሰበች እንደነበር ነገረችኝ፤ ክርንሽ ጎንሽ ላይ ሲያርፍ ነው ሳጥኑ አጥርቶ የሚያይሽ የሚለውን።

«ጋሽ ደርሰህ፣ ጉልበትዎስ እንዴት ነው?»

«ጉልበቴማ አለ።»

«እንግዲያው እኔ ወደ ገመዱ አልወጣም፤ ገመዱ ወደ እኔ ይምጣ። በትከሻዎ ይጫኑልኝ።»

ጋሽ ደርሰህ ገመዱን በሁለት ክንዱ አቅፎ ትከሻውን ጫነበት። ለዚህ የሚሰማ ጣት አያስፈልግም፤ ጀርባ ነው የሚያስፈልገው። ደም ሥሩ አንገቱ ላይ ተወጠረ፤ ገመዱ እያቃሰተ ወረደ፣ ወረደ፣ አሰገደች ደረት ድረስ። እሷም ሳንቃው ላይ ተንበረከከች፣ ክርኗን ጎኗ ላይ አሳረፈች፣ ቀበቶውን በግራ እጇ ግማሽ ጣት ያህል ወደ ላይ ሳበችው። የላላውንም ፈታችው።

ማኅተም አራት የገመድ ዘርፍ በአራት ጣት ለየብቻ ተይዞ አምስተኛው በአውራ ጣት መሃላቸው የሚሾልክበት ቋጠሮ ነው። ሁለት ዓመት በሌለው እጇ ስትቋጥረው ኖራለች። አሁን ጣት በጣት እየጠራች ትሠራለች። «ትንሿ፣ ያዝ። ቀለበት፣ ያዝ። መሃል… መሃል አልኩ እኮ። እንደሱ።» ጣቶቹን የሚያዘው ድምጿ አይደለም፤ እሱን ሁላችንም እናውቃለን። ግን እያንዳንዱ ስም ሲጠራ ከቆዳዋ ሥር የሆነ ነገር ይነሳል፣ ቀበቶው ያየዋል፣ ጣቱ ይታጠፋል። ከዚህ የበለጠ የሚያምር ነገር ሲሠራ አላየሁም፤ ሠርግም አይቻለሁ፣ ንግሥም አይቻለሁ።

አንዴ ካርዱ በገመዱ መሃል ገባና አወከ። አሰገደች ጎንበስ አለች፣ በጥርሷ ነቀለችው፣ ወደ ገደሉ ተፋችው። አይቻለሁ። አልጻፍኩትም።

«ይልቀቁ፣ ጋሽ ደርሰህ። ቀስ ብለው።»

ጋሽ ደርሰህ ቀስ እያለ ለቀቀ። ገመዱ ወደ ላይ ተመለሰ፤ ማኅተሙ ተወጠረ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ ቆመ። ድልድዩ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ጋሽ ደርሰህ መዳፉን በቋጠሮው ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ ጉንጩን አስጠጋበት፤ ጉንጩ ይሰማዋልና።

«ጠብቋል» አለ።

ደወሉ ተደወለ። ከሁለቱም ዳር ሰው መጣ። አሰገደች በሕጉ መሠረት መመለስ ነበረባት፤ ነገር ግን ድልድይ ላይ ወደኋላ መዞርም በሕግ የተከለከለ ነው። ሁለቱን ሕግ ለአፍታ አመዛዘነቻቸው መሰለኝ። ከዚያ ሁለቱን ገመድ ያዘችና ወደ ፊት ሄደች። ከዚያኛው ዳር ይመጡ ከነበሩት ፊተኛው አቶ ቀለመወርቅ ነበሩ። ድልድዩ ጠባብ ነው። አሰገደች ስትደርስ ሹሙ በጎናቸው ገመዱን ተጠግተው አሳለፏት። ከኋላዋ እኔ ስደርስ በሹክሹክታ «ምን ብለህ ልትጽፍ ነው?» አሉኝ።

«ምን ልበል?»

ሰው ከኋላ ይገፋ ነበር። «ተሻገረች በል» አሉ።

ኮሚቴው ጉዳዩን እስከ ዛሬ እያጠና ነው፤ ሰሌዳውም አልወረደም። እኔ ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ ካርድ ጻፍ ያለኝ አልነበረም፤ ሚዛኑንም የሆነ ሰው ለእህል ወሰደው። ምዕራፍ ሌሎች ቀበቶዎች ሠራች። አንዱን እግሩ ከጉልበቱ በላይ የተቆረጠ አናጢ ጭኑ ላይ ያስረዋል፤ ሰው ሠራሽ ጉልበቱ መቼ መታጠፍ እንዳለበት ጭኑ ራሱ ይነግረዋል። ሁሉም አልተሳካም፤ አንድ ሰው ክንዱ በጣም ስለተጎዳ ምዕራፍ ምንም ልታደርግለት አልቻለችም፤ ይህንኑ ነገረችው፣ አልዋሸችውም።

ጋሽ ደርሰህ ስለ ጣቶቹ በግቢው ውስጥ በገዛ አፉ ተናገረ፤ አለቅነቱንም ለአሰገደች አስረከበ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በገበያ ቀን ከአሰገደች ጋር ክሊኒክ ሄደ። የዓመቱን መዝገብ ላስፈርም ሄጄ ስለነበር እኔም እዚያው ነበርኩ።

«አባቴ፣ ይሄ መሣሪያ የደነዘዘ ጣት አይመልስም» አለችው ምዕራፍ። «እንዳይጠብቁት።»

«ነግራኛለች። ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት።»

እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ የገመድ ጠባሳ ብቻ ነው። ምዕራፍ ጄሉን ቀባችው፣ ጣቶችዎን አንድ በአንድ ያንቀሳቅሱ አለችው። በስክሪኑ ላይ ሥጋው እየተሸማቀቀና እየተዘረጋ፣ ተራውን ሳይስት፣ ሳይቸኩል ይሠራ ጀመር። ጋሽ ደርሰህ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ጣቶቹን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ያያል። አንዴም ዓይኑን አላነሳም። ምዕራፍ ልታቆም ስትል በግራ እጁ አንጓዋን ቀስ ብሎ ያዘና ትንሽ እንድትቆይ ለመናት።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ሠራን» አለ፣ ስክሪኑን እያየ። «አንድ ቀን አላመሰገንኩትም።»